የማክሰኞ ውሃ

በዘንገና ሐይቅ አፋፍ የነበረው የአማቶቼ ቤት በሩ የሚከፈተው በነፋሱ በኩል ነበር። ክረምቱ ከበጋው በሚበረታበት በዚያ አገር ጤነኛ ሰው በሩን ለነፋስ አይሰጥም። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት በሆዴ ሳቅሁ። ሁለተኛ ጊዜ ሚስቴን ላጭ ስሄድ ግን ሳቁ ወደ ሒሳብ ተለወጠ። «እነዚህ ሰዎች ቤት መሥራት ካላወቁ ልጅ ማሳደግ ማወቃቸውን በምን አምናለሁ?» አልኩ። ነጋዴ ነኝ፤ ዕቃ ሳላገላብጥ አልገዛም።

ያን ዕለት ወደ ጓሮ ስዞር ሌላውን በር አገኘሁት። በሐይቁ በኩል ነበር። መቃኑ እንዳለ ሆኖ መሐሉ በጭቃ ተደፍኗል። ጭቃው ከቀረው ግድግዳ ጋር አልተስማማም፤ በአሮጌ ልብስ ላይ እንደተጣፈ አዲስ እራፊ ከሩቅ ይለያል። ከተጋባን በኋላ ሚስቴን ጠየቅኋት።

«እናቴ ናት ያስደፈነችው» አለችኝ። «ከደጃፉ ሆና ውሃው ይታያት ነበር።»

ከዚያ ነገሩን ጥቂት በጥቂት ነገረችኝ። ታናሽ እህት ነበረቻት፤ የወተት ጥርሷን እንኳ ያልጨረሰች። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልጅቷ ውርንጭላ ውሃ ልታጠጣ በቁልቁለቱ ወረደች። ውርንጭላዋ እስከ ሆዷ ረጥባ ብቻዋን ወጣች። ልጅቷ አልወጣችም። የመንደሩ ወንድ ሁሉ በዳር በዳሩ ፈለገ፤ ከዳር ያለፈ ግን አልነበረም። ዘንገና እንደ ሌላው ውሃ ቀስ እያለ አይጠልቅም። አንዱ እግርህ ድንጋይ ላይ ሳለ ሌላው እግርህ መጨረሻ የሌለው ነገር ላይ ነው። ሬሳም አልተንሳፈፈም።

ሕፃን የሞተበት ቤት በዚያን ዘመን ብርቅ አልነበረም። ፈንጣጣ ነበር፣ ኩፍኝ ነበር፣ ወባ ነበር። ሰው ይቀብራል፣ ያለቅሳል፣ ከሐዘኑ ይነሣል። ይህ ቤት ግን አልተነሣም። ያልተነሣበት ምክንያትም የቤቱ ጌታ ነበሩ።

የሚስቴን አባት የኔታ እንላቸዋለን። የብሉይ ትርጓሜ መምህር ነበሩ፤ ወጣትነታቸውን በጎጃም አድባራት ሲዞሩ ፈጅተው የተማሩ። የትርጓሜ ቤትን ትምህርት ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፦ መምህሩ አንድ ቃል ያነብባል፤ ይፈታዋል። ከዚያ «አንድም» ይልና በሌላ መንገድ ይፈታዋል። ደግሞ «አንድም» ይላል። አንዱ ፍቺ ሌላውን አይሽረውም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እኔ ሳስበው አንዱን ጣቃ አቡጀዲ ለሦስት ደንበኛ እንደ መሸጥ ነው፤ ለአንዱ ቀሚስ፣ ለአንዱ አንሶላ፣ ለአንዱ መገነዣ ይሆናል። ጨርቁ አንድ ነው።

የኔታን ስመ ጥር ያደረጋቸው አንድ ትምህርት ነበር። በበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከጥድ ሥር ቆመው ስለ ሰዶም ይተረጉማሉ። ሰዶምን የዘንገና ሰው አያውቃትም፤ ዘንገናን ግን ያውቃል። ስለዚህ ከጥንት ሲወራ የኖረውን ያነሡና «የእኛይቱ ሰዶም ይህችውላችሁ» ይላሉ። እዚያ ሐይቁ ባለበት መንደር ነበረ፤ ጎተራው የሞላ፣ ፈረሱ የሰባ መንደር። መንገደኛ በዝናብ መጥቶ ማደሪያ ቢለምን በር ዘጉበት፣ ውሻ ለቀቁበት። ምድር ተከፍታ ከነከብታቸው፣ ከነአጥራቸው ዋጠቻቸው፤ ውሃም ከደነባቸው። «እስከ ዛሬ አሉ» ይላሉ የኔታ። «ውሃው ክዳናቸው ነው። ከዚያ የገባም ከእነርሱ ይቆጠራል።»

ሴቱ ያለቅሳል፤ ወንዱ አንገቱን ይደፋል። በዚያ ሰሞን እንግዳ ተቀባይ ይበዛል። እኔ ራሴ ስንቅ ሳልይዝ በዚያ መንገድ ያለፍኩባቸው ጊዜያት አሉ፤ ሰዶም በደንብ አብልታኛለች።

«ከዚያ የገባም ከእነርሱ ይቆጠራል።» ይህ ቃል በሰው ጆሮ ውስጥ ገና ትኩስ ሳለ የራሳቸው ልጅ ገባች።

ፍትሐት ይደረግላት ወይስ አይደረግላት በተባለ ጊዜ የሰበካው ቄስ ግራ ተጋቡ። «ሬሳ የለ። ቦታውም የቁጣ ቦታ ነው። ይህን ያስተማሩን የኔታ ራሳቸው ናቸው» አሉ። ሰዉ ሁሉ ወደ የኔታ ዞረ። የኔታ ዝም አሉ። ዝምታቸው ፍርድ ሆኖ ተወሰደ። ከዚያ ወዲያ ያን ትምህርት አላስተማሩትም፤ ግን ምን ዋጋ አለው? ሕዝቡ በቃሉ ይዞት ነበር።

አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ አንድም ቀን ባላቸውን አልወቀሱም። እግራቸውን ያጥባሉ፣ ማዕዳቸውን ያቀርባሉ፣ «አንቱ» ይላሉ። ነገር ግን መንገድ ዳር መውጣት ጀመሩ። አላፊ አግዳሚውን በኩታው ጫፍ ይዘው ይጎትታሉ። ለማኝ ቢሆን፣ ወታደር ቢሆን፣ በፈረስ ስርቆት የሚታማ ቢሆን፣ ካልበላ ካልጠጣ አይለቁትም። እኔም የተያዝኩት እንዲያ ነው። ኑግ ጭኜ ወደ ዳንግላ ሳልፍ «ግባ ልጄ፤ ግባ፤ ስለ ማርያም ግባ» ብለው ከነበቅሎዬ ጎተቱኝ። ያን ጊዜ ደግነት መስሎኝ ነበር። የመንደሩ ሰው ግን ያውቅ ነበር። ታች ያለው መንደር እንግዳ በመመለሱ ከተፈረደበት፣ እሳቸው እላይ ሆነው በማብላት ዕዳውን ለልጃቸው ሊቀንሱላት ነበር። ቤቱ እያደር ባዶ ሆነ። ጎተራው ጮኸ። አማቴ ራሳቸው ከስተው ያስላቸው ጀመር። ዳንግላ ከእኛ ዘንድ መጥተው ሐኪም እንዲያያቸው ስንት ጊዜ ለመንን! «እኔ ከሄድኩ መንገዱን ማን ይጠብቃል?» ይሉናል።

እንዲህ ሳለን የሚስቴ ወንድም አስተማሪ ሆኖ መጣ። ከየኔታ እግር ሥር ዳዊት ደግሞ፣ ቀጥሎ አስኳላ ገብቶ፣ አሁን በዳንግላ ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምራል። ሱሪው ተተኩሶ ስለት ያወጣ ልጅ ነው። በጋሪ ሲወርድ ጋሪ ነጂው እንኳ እንደ ፈረንጅ «ሙሴ» ብሎ ይቀልድበታል። ግን ልቡ የእናቱ ነበር። ከሱቄ እየመጣ «ጋሼ፣ እናቴን ያ ሐይቅ እየበላት ነው» ይለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ሁለታችንም በጭነት መኪና ጀርባ ተሳፍረን እስከ እንጅባራ፣ ያኔ ኮሶበር እስከምንለው ድረስ፣ ሄድን። ከዚያ በእግር ወደ ዘንገና ወጣን። ምሳ ቀርቦ ሽሮው በሸክላው እየተንተከተከ ሳለ ልጁ ከመቁረሱ በፊት ተናገረው።

«አባዬ፣ ዘንገና የእሳት አፍ ነው።»

የኔታ ቀና አሉ።

«ይኸው እንደዚህ» አለ ወደ ሽሮው እየጠቆመ። «ከሥር ሙቀት አለ። አረፋው ያብጥና ይፈነዳል፤ ጉድጓድ ይተዋል። ምድርም እንዲሁ ፈነዳች። ጉድጓዱን ዝናብ ሞላው። የጥርባ ሐይቅም እንደዚሁ ነው። አጥራችንን ያጠርንበት፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ድንጋይ፣ የዚያ እሳት አተላ ነው።»

«መቼ ነው ይህ የሆነው?»

«በጣም ድሮ ነው አባዬ። ብዙ ብዙ ሺህ ዓመት።»

«ዓለም ከተፈጠረ ሰባት ሺህ ከምናምን ዓመት ነው። ከዓለም በፊት የተቆፈረ ጉድጓድ አገኘህ በለኛ!»

እኔ ሳቅሁ። ልጁ አልሳቀም። «ፀሐይ የተፈጠረችው በስንተኛው ቀን ነው?» አለ።

«ረቡዕ።»

«እንግዲያስ ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ያለውን ቀን ማን በምን ለካው?»

ሽማግሌው ተያዙ ብዬ አሰብኩ። ሚዛን ሳይሠራ የተመዘነ ዕቃ አላውቅም። የኔታ ግን ጉርሻቸውን ዋጥ አድርገው ፈገግ አሉ። «ይህን ጥያቄ ከዳንግላ ያመጣኸው መስሎሃል? እኔ በአንተ ዕድሜ ሳለሁ ጠይቄዋለሁ፤ መምህሬም በወጣትነታቸው ጠይቀውታል። በፈጣሪ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነው። አንድም፣ ቀን ማለት ሥራው ነው እንጂ ሰዓቱ አይደለም። አንድም፣ አናውቀውም።»

«እንግዲህ አልተጣላንም» አለ ልጁ።

«ከአንተ ጋር ማን ይጣላል? ገና አሁን ነው ቁም ነገር የጠየቅኸኝ» አሉ። አባትና ልጅ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። እኔ ወጡ ሳይቀዘቅዝ እበላ ነበር።

አማቴ የእጅ ውሃ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር። የሰማናቸው ማሰሮውን ሲያስቀምጡ ነው።

«መንደር አልነበረም?» አሉ።

«አልነበረም እናቴ። ሰው የሚባል አልነበረም። የተቀጣም የለም።»

«እኔ የማውቃት አንዲት ሰው አለች እዚያ» አሉ። «እሷስ የት ናት?»

ያን ቀን ምሳው ሳይነሣ ዋለ።

ልጁ ያመጣው መላ በእርግጥ ከአስተማሪ የሚጠበቅ ነበር። ሐይቁ ወለል እንዳለው ለእናቱ ሊያሳይ ፈለገ። ድንጋይ በገመድ ታስሮ ይወርዳል። ድንጋዩ ሥሩ ጎድጎድ ብሎ ሞራ ይቀባል። መሬቱን ሲነካ ሞራው ጭቃ ይዞ ይመጣል። የሚመጣው ጭቃ እንጂ የቤት ክዳን ሣር አይደለም። ይህን ለእናቱ ሲነግር አማቴ ከሁሉ የያዙት አንዱን ነገር ብቻ ነው።

«አፈር ይመጣል አልክ?»

«ጥቂት ይመጣል።»

«እንግዲያስ አፈሯን አምጣልኝ። አፈር ካለ መቃብር አለ። መቃብር ካለ ይፈታላታል።»

እኔ ከሱቄ አዲስ የቃጫ ገመድ ይዤ መጣሁ። አማቴ አዩትና በእጃቸው መለሱት። በዚያ ሰፈር ሬሳ ወደ ጉድጓድ የሚወርደው በመጫኛ ነው፤ ጭነት በምናስርበት በጠፍር ገመድ። ያውም ከአንድ ቤት አይመጣም፤ ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ያመጣል። መጫኛ ያላዋጣ እንዳልቀበረ ይቆጠራል። «ለልጄ ያን ጊዜ ማንም መጫኛ አላመጣላትም» አሉ አማቴ። «አሁን ያምጡላት። በሱቅ ገመድ ልጅ አይቀበርም።»

ልጁ አየኝ፤ እኔም አየሁት። የእናት ነገር ሆነና የቃጫው ገመድ ሳይፈታ ተቀመጠ። አማቴ በየደጁ ዞሩ። ከየቤቱ መጫኛ ተሰጣቸው። ሰጪዎቹ ግን ሲሰጡ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ታንኳ አልነበረም። ዓባይን በተነፋ አቁማዳ መሻገር ስለማውቅ አቁማዳዎቹን እኔ ነፋሁ፤ ልጁ በላያቸው ግንድ አሰረ። ዋና አልችልም። ዓባይን ስሻገርም አልችልም ነበር፤ ግን ዓባይ ላይ ትርፍ ነበረ።

ጠዋት ወረድን። የመንደሩ ሰው እላይ አፋፉ ላይ ተደርድሮ ቆመ፤ አንድም የወረደ የለም። አማቴ ደግሞ እዚያው አፋፉ ላይ ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ያ ውሃ ከቀለሙ ይልቅ ፀጥታው ያስፈራል። እላይ ነፋሱ ዛፉን ያተራምሳል፤ ታች ቅጠል አይነቃነቅም። ስታስል ሳልህ ዞሮ ወደ አንተ ይመጣል፤ ትንሽ ቆይቶ፣ ትንሽ ተለውጦ፣ ሌላ ሰው ያሳለ ይመስል። ግንዱ ላይ ሆኜ ከእግሬ በታች ያለውን ላለማየት የልጁን ማጅራት ስመለከት ቆየሁ።

ድንጋዩን ለቀቀው። እኔ ከኋላው መጫኛውን እያቀበልኩ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እየቋጠርኩ ነበር። ወረደ። ወረደ። የማን ቤት መጫኛ እንደሆነ በእጄ እለየው ነበር፤ የአንዱ በቅቤ የለሰለሰ፣ የአንዱ የተቆራረጠ፣ የአንዱ ገና የበሬው ፀጉር ያልለቀቀው። ሁሉም ገባ። ሊያልቅብን ሲል እጃችን ላይ ላላ።

«ነካ!» አለ ልጁ። ድምፁ በገደሉ ግድግዳ ዞሮ «ነካ» ብሎ ተመለሰ።

እንስብ ጀመር። መጀመሪያ ከበደ። አፈሩ ይዞት ይሆናል። ከዚያ ሁለት አጭር ጉተታ ተሰማኝ፤ ዓሣ እንደሚነክስ ሳይሆን፣ ሕፃን ልጅ ቀሚስህን ይዞ ዘወር በል እንደሚልህ። ከዚያ ቀለለ። ስበን ስበን ስናወጣው ድንጋዩ የለም፤ ድንጋዩ የታሰረበት የመጀመሪያው መጫኛም አብሮ የለም። ቋጠሮው ተፈትቶ ጫፉ ብቻ መጣ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እኔ በቆዳ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጥሬ ጠፍር ውሃ ውስጥ ሲቆይ እንደ አንጀት ይላላል፣ ያሟልጫል፣ ይለጠጣል። ዝናብ ላይ ጭነት የፈታብኝን ጊዜ አልቆጥረውም። ልጁም ወዲያው «ረጥቦ ነው ጋሼ፤ አሟልጮ ነው» አለ። ድንጋዩ ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮ ሲጎተት ቋጠሮው ለቀቀ፤ ያ ጉተታም የቋጠሮው መንሸራተት ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። በቀን እቀበላለሁ።

አፋፉ ላይ የነበረው ሰው ግን ባዶውን ጫፍ ሲያይ በአገውኛም በአማርኛም ጮኸ። «የታቾቹ ያዙባቸው! ያዙባቸው!» ጩኸቱ ታች ወርዶ ከውሃው ላይ ተነሥቶ መጣብን። ከእላይ ይሁን ከታች መለየት አልቻልኩም። አቁማዳው እንዳይፈነዳ እየጸለይኩ በእጄ ቀዘፍኩ።

አፋፉ ላይ ስንወጣ አማቴ ጫፉን ከእጄ ወሰዱት። እርጥቡን ጠፍር በጣታቸው ዳሰሱት፣ ወደ ጉንጫቸው አስጠጉት። አላለቀሱም። ያ ነው ያስደነገጠኝ። ፊታቸው በራ።

«ያዘችው» አሉ። «ልጄ ያዘችው።»

«እናቴ፣ ቆዳ ነው፤ ውሃ ነካው...»

«አንተ ዝም በል። አንተ እህትህን ምን ታውቃታለህ? ያገኘችውን የምትይዝ ልጅ ነበረች።»

ከዚያ ወዲያ የሆነው ከፊተኛው ከፋ። ሐሳቡ ሊያወጣቸው ነበር፤ ጭራሽ አሰመጣቸው። ልጃቸው ታች አለች፣ እጅ አላት፣ ከርጉማኑ መንደር ሆና ገመድ ትይዛለች። እንግዳ ማብላቱን ተዉት። ማንንም አልጎተቱም። ያን ጫፍ ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ፤ «ሌላ ጣሉላት፤ አጭር ሆኖባት ነው» ይላሉ። ሳሉ ጠናባቸው። ልጁ በቃጫው ገመድ ደግሞ ልሞክር ብሎ ሲነሣ የመንደሩ ሰው ዱላ ይዞ መንገድ ዘጋ።

ጎረቤቱን «መጫኛችሁን ውሰዱ» ብንል የሚቀበል ጠፋ። እነዚያ የነኩትን ገመድ ማን በበቅሎው ላይ ያስራል? በአጥሩ ላይ ሰቀልናቸው። ፀሐይ ሲያገኛቸው ደርቀው እንደ እንጨት ጠነከሩ። በሩ በነፋሱ በኩል ነው ብያለሁ፤ ነፋሱ ሲመጣ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ የአጥሩን ድንጋይ ያንኳኳሉ። ቤት ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ደጅ የሚመታ እንግዳ ይመስላል። ማንም ተነሥቶ አይከፍትም።

የኮሶበር ገበያ ላይ ቆዳ ልገዛ መጥቼ ከእነሱ ዘንድ ባደርኩ ማግስት፣ ጠዋት፣ የኔታን ከአጥሩ አጠገብ አገኘኋቸው። ልጃቸውም ነበር። የኔታ አንዱን ደረቅ መጫኛ በጣታቸው እየመቱ ያዳምጡታል።

«ያ እሳት ሲነድ ሰው ነበረ?» አሉ ሳይዞሩ።

«አልነበረም አባዬ።»

«ትምላለህ?»

እኔ ብሆን ምዬ ነበር፤ ለአንድ ጣቃ ጨርቅ ስንቴ ምያለሁ። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። «አልምልም። አላየሁም። የተማርኩትንና ድንጋዩ የሚመስለውን ነው የምናገረው።»

የኔታ መጫኛውን ለቀቁት። «እኔም መንደሩን አላየሁትም» አሉ። «ሲወራ ሰማሁ። አንተ እንኳ ድንጋዩን ጠይቀሃል። እኔ ድንጋዩንም አልጠየቅሁ፣ መጽሐፉንም አልጠየቅሁ። ሰው አንገቱን ሲደፋ ደስ አለኝ።»

ነገሩ ስለከበደኝ ላቅልለው ብዬ «የኔታ፣ ይህማ ነጋዴም ያደርገዋል» አልኩ።

«አንተን ገበያ ይፈርድብሃል» አሉኝ። «እኔን ግን ማንም አልፈረደብኝም፤ ሁሉም አመነኝ።»

በሚቀጥለው በዓል ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ከጥዱ ሥር ቆሙ። ከልጅቷ ወዲህ እዚያ ቆመው አያውቁም። ሰዉ ተነቃነቀ፤ ከገመዱ ነገር በኋላ ሰዶም እንደምትመጣ ሁሉም እርግጠኛ ነበር።

«ስለ ዘንገና ያስተማርኳችሁ አለ» አሉ። «አንድም ልበላችሁ።»

ወደ ቆሎ ተማሪዎቹ ዞሩ።

«ውሃ ወደ አንድ ስፍራ ተሰብስቦ የብስ የተገለጠው መቼ ነው?»

«ማክሰኞ!» አለ የቆሎ ተማሪው ሁሉ።

«ሰው የተፈጠረውስ?»

«ዓርብ!»

«ልጄ ከአስኳላ ተምሮ መጥቷል። ያ ጉድጓድ ሰው ሳይኖር በእሳት የተከፈተ ነው ይላል። ዓመቱን በሺህ ይቆጥራል፤ ፀሐይ ሳትኖር የዋለውን ቀን ርዝመት እኔም አላውቅምና አልከራከረውም። እኔ በአፌ የማውቀውን ስም ልስጠው። የማክሰኞ ሥራ ነው። እንግዲህ ንገሩኝ፤ ዓርብ ከተፈጠረ ሰው መካከል ማክሰኞ ማን በድሎ፣ ማን ተቀሠፈ?»

ቄሱ ከፊት ነበሩ። «የኔታ፣ አንድም ፊተኛውን አይሽርም» አሉ በጥንቃቄ። «የሰዶሙስ?»

«ሰዶም በመጽሐፍ አለች፤ ከነፍርዷ ትኑር። ዘንገናን ከሰዶም ያጋባሁ ግን እኔ ነኝ። ባጋባሁ አፌ አፋታኋቸው።»

ከኋላ አንድ ሰው «መጫኛውንስ ማን ፈታው?» ብሎ ጮኸ።

«ውሃ ፈታው። ቆዳህን ክረምት ላይ ደጅ አሳድረውና እየው።» ድምፃቸው እዚህ ላይ ተሰበረ። «እናንተ አልበደላችሁም። አባቷ ነኝ፤ በወሬ አስይዣት ዝም አልኩ። አሁን ፍትሐት እለምናለሁ።»

«ሬሳ የለም እኮ የኔታ» አሉ ቄሱ፤ እንደ ድሮው ሳይሆን ቀስ ብለው።

«መቃብር ግን አላት። የማክሰኞ ውሃ ነው። ማንም ያልረገመው ውሃ ነው።»

ቄሱ ሕዝቡን አዩ። ሕዝቡ መሬት አየ። ዱላ ይዘው መንገድ ከዘጉት መካከል አንዱ «ይፈታላት» አለ፤ ከዚያ ብዙዎች አሉ።

ደስ ብሎን ወደ ቤት ሮጥን ማለት ይቻላል። ልጁ ለእናቱ ሁሉንም ነገራቸው፤ ጥዱን፣ ማክሰኞውን፣ የቄሱን እሺታ። የኔታ በሩ ላይ ቆመው ነበር። አማቴ ሰሙ። ጫፉን ከጭናቸው ላይ አንሥተው መሬት አኖሩት።

«እንግዲያስ መንደር ከሌለ» አሉ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ብቻዋን ነበረች?»

ከመካከላችን ይህን ያሰበ አልነበረም። ርጉማን ቢሆኑም ሰዎች ነበሩ፤ እሳት የሚያነድዱ፣ ምናልባት ከመካከላቸው አንዲት ሴት ልጅቷን የምታስጠጋ። ያን ሁሉ ዓመት ያሳደጉላቸው እነሱ ነበሩ። ልጁ ወደ አባቱ ዞረ። እኛም ዞርን።

«ለዚህ አንድም የለኝም» አሉ የኔታ።

አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉ።

ቁልቁለቱን ከልጅቷ ወዲህ መጀመሪያ የወረዱት ያን ዕለት ነው። ለበዓሉ አብራን የመጣችው ሚስቴ በአንድ ክንዳቸው፣ ልጃቸው በሌላው ይዘዋቸው። ሰዉ በዚህ ጊዜ ወረደ፤ ሁሉም ባይሆን ብዙው። ቄሱ በውሃው ዳር ጸለዩ፤ ክርስትና ስሟን ጠየቁ። አማቴ ተናገሩት። ያን ስም በዚያ ቤት ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ እዚህም አልጽፈውም።

ጸሎቱ ሲያልቅ አማቴ ልጆቻቸውን ገፋ አድርገው ተንበረከኩ። ወደ ውሃው ጎንበስ ብለው በአገውኛ ተናገሩ። የእኔ አገውኛ ለኑግና ለቆዳ የሚበቃ ነው፤ ይህ ግን ሕፃን የሚሰማው ቃል ነበር።

«አባትሽ ተሳስቶ ነበር» አሏት። «የተቆጣሽ የለም።»

ቃሉ ወደ ግድግዳው ሄዶ ተመለሰ፤ እንደ ልማዱ ትንሽ ቆይቶ፣ ትንሽ ቀጥኖ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቄሱ መጽሐፋቸውን አልዘጉም። አስተማሪው፣ ያ ጉድጓድ እሳት የተወው ባዶ አፍ እንደሆነ ያስተማረን ልጅ፣ አንገቱን ወደ ውሃው አዘንብሎ ጆሮውን ሰጥቶ ነበር። እኔም ሰጥቼ ነበር። ሁላችንም መልስ እየጠበቅን ነበር።

ያልጠበቁት የኔታ ብቻ ናቸው። ጥምጣማቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ አኖሩ፤ በነጭ ፀጉራቸው እስከ ውሃው ጫፍ ወርደው ከሚስታቸው ጎን ቆሙ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «ተሳስቼ ነበር።»

ለማን እንደ ተናገሩት አልጠየቅኋቸውም። ፊታቸው ወደ እኛ አልነበረም።